ስንቁ የት ይድረስ?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሱረቱል ከህፍን የቀራችሁ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ያበዛችሁ አላህ ይቀበላችሁ። ያልቀራችሁም ቀኑ ገና ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንዲት እናት በሴቶች በር በኩል ቆመው ኢማሙን ሲጠብቁ አየሁ። በእጃቸው በፌስታል የተቋጠረ የምሳ ዕቃ ይዘዋል። ልጃቸውን ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከቤት ከወሰዱት ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ወደ አንዱ ጣቢያ ሲሄዱ «እዚህ የለም» ይሏቸዋል፤ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ እዚያም የለም። ምግቡን ግን በየቀኑ ይሠራሉ። ኢማሙ ሲወጡ የጠየቁት ዱዓ ነበር፤ ቀጥለው ያሉት ነገር ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «ልጄ አጥፍቷል አላጠፋም አላልኩም። ስንቁን የት ላድርስ ነው የምለው።»

በአገራችን የታሰረ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ስንቅ ማመላለስ ምግብ ማድረስ ብቻ አይደለም። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሳይነካ ሲመለስ ቤተሰቡ እንቅልፍ ያጣል። «ተቀባይ የለም» ሲባል ደግሞ ያ ሰው ከእስረኛነትም ወርዷል፤ እስረኛ እንኳ ስም፣ ክፍልና የመዝገብ ቁጥር አለው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው። ሰውን በስውር ስለማሰር፣ በዚያ ስውር ቦታ ስለሚደርስበት ስቃይ፣ እንዲሁም ሰውን ወደሚሰቃይበት አገር በግድ አሳልፎ ስለመስጠት።

ብዙዎቻችን እነዚህ «የሰብአዊ መብት» የሚባሉ ነገሮች ከውጭ የመጡ ይመስሉናል። የፊቅህ ኪታቦችን የገለጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ዑለሞቻችን ስለ ቃዲ ሥነ ምግባር በጻፏቸው ኪታቦች ውስጥ አዲስ የተሾመ ቃዲ ሥራውን በምን ይጀምር የሚል ጥያቄ አለ። ብዙዎቹ የሰጡት መልስ በእስረኞች ይጀምር የሚል ነው። ቃዲው ታማኝ ሰው ወደ እስር ቤቱ ይልካል፤ የእያንዳንዱ እስረኛ ስም፣ ማን እንዳሳሰረውና በምን ምክንያት እንደታሰረ ይጻፋል። ከዚያ በከተማው አዋጅ ይነገራል። ቃዲው በዚህ ቀን የእስረኞችን ጉዳይ ያያልና ከሳሽ የሆነ ይቅረብ ይባላል። ቀኑ ሲደርስ እስረኛው ይጠየቃል። ከሳሽ ካልመጣ ደግሞ በድጋሚ ተለፍፎ፣ የሚከሰው ሰው ከጠፋ ይለቀቃል።

ይህን ሥርዓት ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። ስሙ ይጻፋል፣ ምክንያቱ ይጻፋል፣ በአደባባይ ይለፈፋል። ስውር እስር ደግሞ የእነዚህ የሦስቱ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ወንጀሉ የሚጀምረው ጅራፉ ሲነሳ ሳይሆን ስሙ ሳይጻፍ የቀረ ዕለት ነው። ያልተመዘገበን ሰው የሚፈልገው የለም፤ ቢሞት የሚጠየቅበት የለም፤ ስለዚህ ያሰረው ሰው የፈለገውን ለማድረግ እጁ ይፈታል።

የኢማም አቡ ሐኒፋ ተማሪ የሆኑት ቃዲ አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት ኪታቡል ኸራጅ ውስጥም ስለ እስረኞች ሰፊ ምክር አለ። ለእስረኞች ዳቦ አይታደል፣ ይልቅ በየወሩ ገንዘብ በእጃቸው ይሰጥ ይላሉ። ምክንያታቸውን ስትሰሙ ሰውየው እስር ቤትን ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ይገባችኋል፤ ዳቦውን ጠባቂዎቹ ይበሉታላ! ገንዘቡን የሚያድለውም ታማኝ ሰው ይሁን፣ የእስረኞቹ ስም በመዝገብ ይኑረው፣ በየስማቸው እየጠራ ያድርስ ይላሉ። የክረምትና የበጋ ልብሳቸውን ሳይቀር ዘርዝረዋል። ዘመድ የሌለው እስረኛ ሲሞት ታጥቦ፣ በበይተል ማል ወጪ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት እንዲቀበር ጠይቀዋል። በሰንሰለት ታስረው ለምነው እንዲበሉ መላካቸውንም አጥብቀው ተቃውመዋል። ይህ የተጻፈው ከ1,200 ዓመታት በፊት ነው።

የድመቷን ሐዲስ የማያውቅ የለም። አንዲት ሴት ድመት አሰረች፤ አላበላቻትም፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ በዚህ ምክንያት እሳት ገባች። ለልጆቻችን የምንነግረው ስለ እንስሳት ርኅራኄ ነው። ግን ሐዲሱ ስለ እስርም ነው። ያሰርከው ነፍስ ኃላፊነቱ ባንተ ላይ ነው። ለድመት እንዲህ ከሆነ ለሰው ልጅ እንዴት ሊሆን ነው?

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ቢንያም መሐመድን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ገና በአፍላ ዕድሜው ብሪታንያ ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ፣ እዚያው ኖረ። በ2001 ወደ አፍጋኒስታን ሄደ። በሚያዝያ 2002 የራሱ ባልሆነ ፓስፖርት ወደ ብሪታንያ ሊመለስ ሲል ካራቺ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ። የሌላ ሰው ፓስፖርት መያዝ ጥፋት ነው፤ በየትም አገር በሕግ ያስቀጣል። እሱ ግን ፍርድ ቤት አልቀረበም። በሐምሌ ወር 2002 አሜሪካኖች በአውሮፕላን ጭነው ወደ ሞሮኮ ወሰዱት። በዚያም 18 ወር ያህል ቆየ። እንደተናገረው ከሆነ ይደበድቡት ነበር፣ ሐፍረተ ሥጋውን ጭምር በስለት ይቆርጡት ነበር፣ ሌት ተቀን በከፍተኛ ድምፅ ሙዚቃ እንቅልፍ ይነሱት ነበር። የሚጠይቁት ሞሮኳውያን፣ ከጥያቄዎቹ መካከል ግን ከለንደን ካልሆነ በቀር ከየት ሊመጡ እንደማይችሉ የተረዳቸው ነበሩ። በጥር 2004 ወደ ካቡል፣ «የጨለማው እስር ቤት» ወደሚባለው ቦታ ተወሰደ፤ ከዚያ ባግራም፣ ከዚያ በመስከረም 2004 ጓንታናሞ።

በሬዲዮአክቲቭ ቦምብ ሴራ ተሳትፈሃል ተባለ። እሱ በስቃይ ብዛት ያሉትን ሁሉ አዎ እንዳለ ተናገረ። በጥቅምት 2008 ክሱ ተነሳ። በየካቲት 2009 ወደ ብሪታንያ ተመለሰ፤ ለሰባት ዓመት ያህል ታስሮ በአንድም ወንጀል አልተፈረደበትም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ግላዲስ ኬስለር በሌላ እስረኛ ጉዳይ ውሳኔ ሲሰጡ ስለ ስቃዩ የተናገረውን እምነት የሚጣልበት ሆኖ አገኙት። በየካቲት 2010 የብሪታንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መንግሥት እንዳይወጡ የተከላከላቸውን ሰባት አንቀጾች ይፋ እንዲሆኑ አደረገ፤ የብሪታንያ የደህንነት ሰዎች በፓኪስታን ሳለ እንቅልፍ እንደተከለከለና እንደተንገላታ ያውቁ እንደነበር የሚያሳዩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ እሱና ሌሎች በረራዎቹን ያቀናበረውን ኩባንያ ከስሰው ነበር። ጉዳዩ «የመንግሥት ምስጢር» ነው ተብሎ በ2010 ተዘጋ።

እስቲ የዑመርን (ረ.ዐ) ፍርድ ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት። ከኢራቅ አንድ ሰው መጥቶ በአገራቸው የሐሰት ምስክርነት እንደተስፋፋ ሲነግራቸው ዑመር ደነገጡ፤ በእስልምና ማንም ሰው ያለ ታማኝ ምስክር እንደማይያዝ በአላህ ስም ምለው ተናገሩ። ሌላም አለ። ከእሳቸው እንደተዘገበው ሰው ቢራብ፣ ቢሸበር ወይም ቢታሰር በራሱ ላይ በሚሰጠው ቃል አይታመንም። ዑመር እኮ ለወንጀለኛ የሚራሩ ሰው አልነበሩም! በቁጣቸው የሚታወቁ መሪ ናቸው። ግን ይህን ያሉት ከርኅራኄ ብቻ አይመስለኝም፤ በስቃይ የተገኘ ቃል ውሸት ስለሆነ ነው።

ውሸቱ ምን እንደሚያስከትል ማየት የፈለገ የኢብን አሽ-ሸይኽ አል-ሊቢን ታሪክ ይመልከት። ሊቢያዊ ነው፤ በ2001 መጨረሻ ተይዞ ወደ ግብፅ ተላከ። በዚያ ስቃይ ሲበዛበት ኢራቅ ለአል-ቃዒዳ ሰዎች የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያ ሥልጠና ሰጥታለች አለ። ያ ቃል በየካቲት 5 ቀን 2003 ኮሊን ፓውል በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ካቀረቡት ማስረጃ አንዱ ሆነ። ወር ከግማሽ ሳይሞላ ኢራቅ ተወረረች። ሰውየው በ2004 ቃሉን አነሳ፤ ስቃዩን ለማስቆም ፈጥሮ የተናገረው እንደነበር ገለጠ። ስንት ሕፃን ሞቶ፣ ስንት ቤት ፈርሶ። እሱ ራሱ በ2009 በሊቢያ እስር ቤት ሞተ። የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ በታኅሣሥ 2014 ባወጣው ሪፖርት የሲ.አይ.ኤ. ፕሮግራም ከያዛቸው 119 ሰዎች ቢያንስ 26ቱ በራሱ በድርጅቱ መስፈርት እንኳ መያዝ ያልነበረባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ቆሜ አንድ የሚያሳፍር ነገር መናገር አለብኝ። ይህን ስታነቡ ልባችሁ «ካፊሮቹ እንዲህ አደረጉን» ሊል ይችላል። ግን ቢንያምን የቆረጠው እጅ የማን ነው? አል-ሊቢን ያሰቃየው የማን ነው? ካናዳዊው ማሂር አራር በመስከረም 2002 ኒው ዮርክ ላይ ተይዞ በግድ ወደ ተወለደባት ሶሪያ ሲላክ፣ ደማስቆ ውስጥ በኤሌክትሪክ ገመድ የገረፉት እነማን ናቸው? አሥር ወር ያህል የተያዘባት ክፍል ወርዷ አንድ ሜትር፣ ርዝመቷ ሁለት ሜትር ገደማ ነበር፤ እሱም «መቃብር» ብሎ ጠራት። በኋላ የካናዳ አጣሪ ኮሚሽን ምንም ጥፋት እንዳልተገኘበት ገለጠ፤ በ2007 የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ይቅርታ ጠይቀው 10.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ካሳ ተሰጠው። ካናዳ ይቅርታ ጠየቀች። ደማስቆ ግን አልጠየቀችም። ሌሎች ሰዎች ስቃዩን በውክልና ለእኛ አገሮች ያሠሩት በደንብ እንደምንሠራላቸው ስላወቁ ነው። አላህ ይቅር ይበለን።

በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን የሂሻም ኢብኑ ሐኪምን (ረ.ዐ) ሐዲስ አስታውሱ። ሂሻም በሻም ምድር ሲያልፉ ነበጢ ገበሬዎች በፀሐይ ላይ ቆመው፣ በራሳቸው ላይ ዘይት ፈስሶባቸው አዩ። «ምንድን ነው?» ሲሉ የግብር ጉዳይ እንደሆነ ተነገራቸው። ገበሬዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። ዕዳም ነበረባቸው። ሂሻም ግን አላለፉም፤ ከአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ተናገሩ። በዱንያ ሰዎችን የሚያሰቃዩትን አላህ ያሰቃያቸዋል። ከዚያ ወደ አሚሩ ገብተው ሐዲሱን ነገሩት፤ አሚሩም ገበሬዎቹ እንዲለቀቁ አዘዘ። የእኔን ትኩረት የሚስበው ሂሻም ያልጠየቁት ጥያቄ ነው። የእኛ ሰዎች ናቸው ወይ ብለው አልጠየቁም።

እኛ እንጠይቃለን። ሐቁን እንነጋገር። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የሙስሊሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታስረው ማዕከላዊ ሲገቡ አለቀስን፣ ጾምን፣ በየጁሙዓው ድምፃችን ይሰማ አልን። እነሱም በዚያ የደረሰባቸውን በፍርድ ቤት ተናገሩ፤ እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በኋላ ተፈቱ። በዚያው ማዕከላዊ ግን ከእነሱ በፊት ስንት የሌላ ብሔር፣ የሌላ ሃይማኖት ልጅ ጮኋል? ያኔ «የፖለቲካ ጉዳይ ነው» ብለን አልፈናል። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የሌላው ልጅ ሲወሰድስ ምን አልን? አላህ በሱረቱል ማኢዳህ ሕዝብን መጥላታችን ፍትሕን እንድንተው እንዳያደርገን ያዘዘን ለዚህ ነው፤ የምትወደውን ሰው መብት ማስከበር ማንም ይችላል።

ወደ ሦስተኛው ጉዳይ ልግባ፣ አሳልፎ ወደ መስጠት። ይህ ታሪክ የእኛ ነው፤ ሁላችንም የነጃሺን ታሪክ ከልጅነት ጀምሮ ሰምተናል። ሆኖም ብዙ ጊዜ የምንተርከው መጨረሻውን ነው፤ ጃዕፈር ሱረቱ መርየምን ሲቀሩ ንጉሡ ማልቀሳቸውን። እኔ ዛሬ ከዚያ በፊት ያለውን እንድታዩ እፈልጋለሁ። ታሪኩን የነገሩን በስደቱ የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዐስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። ሁለቱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ንጉሡ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ሹም ስጦታ ሰጡና ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክባቸው ምከሩልን አሏቸው። ኡሙ ሰለማ እንደሚሉት ለሁለቱ መልዕክተኞች ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል ከመስማቱ የበለጠ የሚጠሉት ነገር አልነበረም።

አያችሁ? የዛሬዎቹም እንዲሁ ናቸው። ስደተኛን በሌሊት በአውሮፕላን የሚጭኑት፣ ዳኛ እንዳያየው፣ ጠበቃ እንዳያገኘው፣ «ብመለስ ይገድሉኛል» ማለቱን የሚሰማ ጆሮ እንዳይኖር ነው። ሹማምንቱም በስጦታቸው ልክ መከሩ፤ አስረክባቸው አሉ። ነጃሺ ተቆጡ። ወደ አገሬ መጥተው፣ ከሌላው ሁሉ እኔን መርጠው የተጠለሉብኝን ሰዎች ጠርቼ ሳልጠይቅ አልሰጥም አሉ። ገና ሙስሊሞቹ ጥሩ ይሁኑ መጥፎ አያውቁም፤ ያወቁት ነገር ቢኖር ሰምተው መፍረድ እንዳለባቸው ነው። ከሰሙ በኋላ ስጦታውን መለሱ፤ መልዕክተኞቹም አፍረው ሄዱ። በ1951 የስደተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 33፣ በ1984ቱ የፀረ-ስቃይ ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 ላይ ሰውን ወደሚሰቃይበት አገር መመለስ የተከለከለው ክልከላ ይኸው ነው። ቁርኣንም በሱረቱ ተውባህ ጥበቃ የጠየቀ ሙሽሪክ እንኳ ጥበቃ እንዲሰጠውና ወደሚተማመንበት ቦታ እንዲደርስ ያዛል። ወደሚፈራበት አይደለም።

ይህችው የነጃሺ አገር እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ሌላ ታሪክ ተጻፈባት። ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ኬንያ ድንበር ላይ ተያዙ፤ ብዙዎቹ በሌሊት በረራ ወደ ሶማሊያ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ሴቶችና ሕፃናት ነበሩባቸው። ቤተሰቦቻቸው ለሳምንታት የት እንዳሉ አላወቁም። የኢትዮጵያ መንግሥት 41 ሰዎች በእጁ እንዳሉ ያመነው በሚያዝያ ወር ነው። ያኔ የእኛ ኹጥባዎች ስለነጃሺ ፍትሕ መናገራቸውን አላቆሙም፤ ስለ እነዚህ ሰዎች ግን የተናገረ መኖሩን አላስታውስም። እኔም ዝም ካሉት ነበርኩ።

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ ይሉኛል፦ «ወንድሜ፣ እውነተኛ ገዳይ ቢሆንስ? ቦምብ ቢያፈነዳስ?» መልሱ አጭር ነው። ከሆነ ለፍርድ ይቅረብ፤ ሸሪዓም ሆነ የአገሪቱ ሕግ ለገዳይ ቅጣት አላቸው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በግዳጅ የሰጠው ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ቤተሰቡን፣ ጓደኞቹን፣ የሃይማኖት አማካሪውን፣ ሐኪሙንና ጠበቃውን የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ሰውን በኃይል መሰወርና ማሰቃየት ደግሞ በአንቀጽ 28 በይርጋ የማይታገድ ወንጀል ነው፤ ምሕረትም አያነሳውም። እነዚህን አንቀጾች ለቤተሰባችሁ አስተምሯቸው። ብዙ ሰው ልጁ ሲወሰድ የት እንደሚጮህ እንኳ አያውቅም።

ለዚህ ነው በተግባርም ጥቂት የምለው። ሰው ሲወሰድ ያያችሁ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ ሰዎቹ የለበሱትን በዚያው ዕለት ጻፉ፤ በኋላ ትረሱታላችሁ። ቤተሰቡን ብቻውን ወደ ጣቢያ አትላኩ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አብራችሁ ሂዱ፣ «የለም» ያላችሁን ሰው ስምና ማዕረግ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል። ፍርድ ቤትም አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባል አለ፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 177 ላይ ታገኙታላችሁ። በዚህ አቤቱታ የያዘው አካል ሰውየውን አቅርቦ በምን ሕግ እንደያዘው እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ዱዓ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል አይለይ፤ በመዝሉም ዱዓና በአላህ መካከል ግርዶ እንደሌለ ታውቃላችሁ።

ያቺ እናታችን ያን ዕለት ኢማሙ ዱዓ ካደረጉላቸው በኋላ የፌስታሉን ምግብ በር ላይ ለተቀመጡት ሚስኪኖች ሰጥተው ሄዱ። ሰኞ ግን ከጀመዓው አንድ የሕግ ባለሙያ ወንድምና ሁለት እህቶች አብረዋቸው ፍርድ ቤት ሄዱ። አቤቱታው ተጽፎ ገባ፣ የመዝገብ ቁጥር ወጣለት። ቀጠሮው ለመጪው ረቡዕ ነው። «ምግቡን ይዤ እሄዳለሁ» ብለዋል። በዛሬው የዐስር ሰዓት ዱዓችሁ አትርሷቸው።